መብረቁ የቱን መንገድ ይመርጣል?

አማተር ራዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ሲገናኙ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የአንቴናው ማማ በወጉ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር መዳብ የለበሰ የግራውንድ ዘንግ ተቀብሯል፤ ማማውን ከዘንጉ ጋር ወፍራም ሽቦ ያገናኘዋል። አንድ ቀን መብረቅ ማማውን ይመታዋል። ማማው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው፤ አንቴናውም ደህና ነው። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያለው ራዲዮ ግን ከነኮምፒውተሩ ተቃጥሏል። ሣጥኑ ሲከፈት ደግሞ የተጎዳው የአንቴናው ገመድ የሚሰካበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከመብራት ሶኬት ጋር የሚያያዘው ክፍልም ጠቁሯል። ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ተሠርቶለት ሳለ መብረቁ ቤት ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?

ሙሉው መልስ እስኪገኝ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የመልሱ ቁርጥራጮች በተለያየ አገር በተለያዩ ሰዎች እጅ ተገኙ፤ አንዳንዶቹም የያዙት ቁርጥራጭ ምን እንደሚጎድለው ሳያውቁ አልፈዋል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 10 ቀን 1752 ከፓሪስ ሰሜን ባለችው ማርሊ-ላ-ቪል መንደር ኩዋፊዬ የሚባል ጡረታ የወጣ ወታደር አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ይጠብቅ ነበር። ዘንጉ 12 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የቆመውም ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት እንዳያመልጥ ተብሎ በወይን ጠርሙሶች ላይ ነው። ሙከራው የተዘጋጀው የፊላደልፊያው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ነበር። ዳመናው ሲያጉረመርም ወታደሩ ሽቦ ወደ ዘንጉ አስጠጋ፤ ፍንጣሪ ዘለለ። የመንደሩ ቄስ ተጠርተው እየሮጡ መጡ። ሕዝቡ ቄሱ ሲሮጡ አይቶ ኩዋፊዬ የሞተ መስሎት ተከተላቸው። ሰውየው አልሞተም። በሰማይ የሚያስገመግመው ነገር በላቦራቶሪ መስታወት ሲፈተግ ከሚገኘው ኤሌክትሪክ ጋር አንድ መሆኑ ግን ያን ቀን ተረጋገጠ።

ፍራንክሊን ጊዜ አላጠፋም። ለ1753 ባሳተመው የዘመን መቁጠሪያው ቤትን ከመብረቅ የሚጠብቅ መሣሪያ አሠራር አወጣ። ቀጭን የብረት ዘንግ ይሁን፤ አንዱ ጫፍ እርጥብ መሬት ውስጥ 3 ወይም 4 ጫማ ይግባ፤ ሌላው ከቤቱ ከፍተኛ ቦታ በላይ 6 ወይም 8 ጫማ ይውጣ። በቃ ይኸው ነበር።

በዚያው በ1753፣ ኦገስት 6 ቀን፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ጌዮርግ ሪችማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የነጎድጓድ ድምፅ ሲሰማ ከአካዳሚው ስብሰባ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሥዕል ቀራጩ ሶኮሎቭም ያየውን እንዲስል አብሮት ሄደ። ከጣሪያው ላይ ካለው ዘንግ የተነሣ ሽቦ ክፍሉ ድረስ ይገባና መለኪያ ላይ ያልቃል። ሪችማን የፈለገው የኤሌክትሪኩን መጠን መለካት ስለነበር ሽቦው ከመሬት ጋር እንዳይገናኝ ሆን ብሎ ለይቶታል። መለኪያውን ለማየት ጎንበስ ሲል ጡጫ የሚያክል ሰማያዊ የእሳት ኳስ አንድ ጫማ ያህል አየር አቋርጦ ግንባሩን መታው። እዚያው ሞተ። ሶኮሎቭ ወድቆ ተረፈ። ባልደረባው ሚካኤል ሎሞኖሶቭም በዚያችው ሰዓት በገዛ ቤቱ ያንኑ ሙከራ እያካሄደ ነበር።

አውሮፓ ከዚህ ሞት የወሰደችው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ ለመብረቁ ወደ መሬት የሚወርድበት ብረት ስጠው። ትምህርቱ ትክክል ነው። ግማሽ መሆኑን ለማወቅ ግን አንድ መቶ ሃያ ዓመት ያስፈልግ ነበር።

ሌላው ግማሽ የመጣው ለመብረቅ ምንም ግድ ከሌለው ሙከራ ነው። በ1836 መጀመሪያ ላይ የሳይንስ ሊቁ ማይክል ፋራዴይ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ በእያንዳንዱ ጎኑ 12 ጫማ የሆነ ሣጥን አሠራ፤ ዙሪያውን በሽቦና በብረት ወረቀት አለበሰውና ራሱ ገባበት። ከውጭ ሣጥኑ ፍንጣሪ እስኪረጭ ድረስ በኤሌክትሪክ ተሞላ። ፋራዴይ ውስጥ ሆኖ ሻማ አብርቶ፣ ስስ መለኪያዎቹን ይዞ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም።

ይህን ወደ መብረቅ ያመጣው የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። በ1876 ግላስጎው በተደረገው የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ያቀረበው አጭር ጽሑፍ ሰሚውን ሊያስደነግጥ የሚችል ሐሳብ ነበረው። ማክስዌል ከፍ ብሎ የቆመና ከመሬት ጋር በደንብ የተገናኘ ዘንግ መብረቅን ወደ ራሱ ይጋብዛል አለ። የባሩድ ፋብሪካ መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ሕንፃውን ዙሪያውን በመዳብ ሽቦ መረብ ይክበበው፤ መረቡ ከመሬት ጋር ባይገናኝም ውስጡ ያለው አይነካም። ለመኖሪያ ቤት ሲሆን በመሠረቱ ዙሪያ የሚዞር፣ በማዕዘኖቹ የሚወጣና የጣሪያውን ጫፍ ተከትሎ የሚሄድ ሽቦ በቂ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚገድለውም የሚያቃጥለውም የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ሙላት ሲመጣ ጣና ላይ ያለች ታንኳ ከነሰዎቿና ከነጭነቷ አብራ ከፍ ትላለች፤ ውስጧ ያለው ዕቃ ከቦታው አይናወጥም። ቤቱም እንዲሁ ነው፤ ያለው ብረት ሁሉ አንድ ላይ ከታሰረ መቶ ሺህ ቮልት ላይ ቢወጣም ሁሉም አብሮ ስለሚወጣ በመካከላቸው የሚያልፍ ከረንት የለም። አንድ ግዴታ ግን አለው። ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ብረት፣ የውሃ ቧንቧ ይሁን የቴሌግራፍ ሽቦ፣ ከመረቡ ጋር ሳይታሰር ከገባ ጥበቃው ይፈርሳል። ያች አንድ ሽቦ የሩቁን ቮልቴጅ ይዛ ትመጣለችና።

የማክስዌል ጽሑፍ ብዙ ተከታይ አላገኘም። የመብረቅ ዘንግ የሚተክሉ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ይለኩ ነበር፤ እሱም በኦም የሚቆጠረው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ሽቦው ከረንትን የሚገታበት መጠን ነው። ሽቦው ወፍራም መዳብ ይሁን፣ ሬዚስታንሱ ይነስ፣ መብረቁም ቀላሉን መንገድ ይመርጣል ይሉ ነበር።

ይህን እምነት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያፈረሰው ኦሊቨር ሎጅ ነው። የሊቨርፑሉ መምህር በ1888 ማርች ወር ለንደን በሚገኘው የጥበባት ማኅበር ስለ መብረቅ መከላከያ ሁለት ትምህርት እንዲሰጥ ተጋብዞ ነበር። መብረቅን ለመምሰል የተጠቀመው የላይደን ጠርሙሶችን ነው፤ እነዚህ ውስጥና ውጫቸው በቆርቆሮ የተለበጠ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ የመስታወት ዕቃዎች ናቸው። ሎጅ ለፍንጣሪው ሁለት መንገድ አዘጋጀለት። አንደኛው ሬዚስታንሱ ከምንም የማይቆጠር ወፍራምና ረጅም የመዳብ ሽቦ ነው። ሁለተኛው በሁለት ኳሶች መካከል የተተወ ባዶ አየር ነው። በኦም ሕግ ብንሄድ ጥያቄም የለውም፤ አየር የሚባል ነገር ለኤሌክትሪክ ግድግዳ ነው፤ ሁሉም በመዳቡ ይሄዳል።

ፍንጣሪው በአየር ዘለለ።

በእኔ እይታ ከዚህ ረጅም ታሪክ ትልቁ ቅጽበት ይህ ነው። ሎጅ መዳቡን በብረት ሽቦ ቢተካው ውጤቱ አልባሰም፤ ይህም ሬዚስታንስ ዋናው ጉዳይ አለመሆኑን አስረዳው። በድንገት የሚመጣ ከረንት ከሬዚስታንስ ሌላ የሚገታው ነገር አለ። ማንኛውም ሽቦ፣ ቀጥ ያለ ቁራጭም ቢሆን፣ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ሳይፈጥር ከረንት አያሳልፍም። ከረንቱ በፍጥነት ሲያድግ ይህ መስክ ይቃወመዋል። መሐንዲሶች ኢንዳክታንስ ይሉታል።

ዛሬ በምናውቃቸው ቁጥሮች እናስላው። የተለመደ መብረቅ ወደ 30,000 አምፔር ይደርሳል፤ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ይበቃዋል። በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 10,000 አምፔር ያድጋል እንበል። የአንድ ሜትር ሽቦ ኢንዳክታንስ ወደ 1 ማይክሮ ሄንሪ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 10,000 ቮልት ይፈጠራል። ሦስት ሜትር የግራውንድ ሽቦ ያለው ሰው ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 30,000 ቮልት ልዩነት አለው ማለት ነው። ያው ሦስት ሜትር ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ በሬዚስታንሱ ብቻ ቢሰላ መቶ ቮልት ገደማ ነበር የሚያሳየው። ዘንግ ተካዮቹ ሲለኩ የኖሩት ይህችን መቶ ቮልት ነበር።

በዚያው በ1888 ሴፕቴምበር ላይ ባዝ ከተማ በተካሄደው የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ኤሌክትሪክ ባለሥልጣን ዊልያም ፕሪስ ሎጅን ፊት ለፊት ገጠመው። ፕሪስ በቴሌግራፍ ምሰሶዎች ላይ የተከላቸውን ስፍር ቁጥር የሌላቸው መከላከያዎች ጠቅሶ፣ ልምድ ከጠርሙስ ሙከራ ይበልጣል አለ። እውነት ለመናገር ሎጅም ሁሉንም አላገኘም፤ መብረቅ እንደ ጠርሙሱ ፍንጣሪ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ መስሎት ነበር፣ አብዛኛው ግን በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ነው። ስለ ኢንዳክታንስ ያለው ግን ጸንቶ ቆሟል።

ከዚህ የሚቀጥለውን የሚያውቁ የራዲዮ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚገርመኝም እሱ ነው። ሎጅ ፍንጣሪዎቹን በረጃጅም ሽቦዎች ላይ ሲያጠና ኤሌክትሪኩ በሽቦው ላይ እንደ ሞገድ ሲሄድና ሲመለስ አየ። በዚያው ዓመት ለዕረፍት ወደ አልፕስ ሲጓዝ ባቡር ውስጥ የጀርመናዊውን የፊዚክስ ሊቅ የሃይንሪሽ ኸርትዝን ጽሑፍ አነበበ፤ ኸርትዝ ቀድሞት ሞገዱን በባዶ አየር አግኝቶታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሎጅ በሕዝብ ፊት ያሳየውን ሞገድ ጠቋሚ መሣሪያ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፖፖቭ አሻሻለው። በ1895 ፖፖቭ መሣሪያውን ሴንት ፒተርስበርግ ባለው የደን ኢንስቲትዩት የመብረቅ ዘንግ ላይ አሰረውና የሩቅ ነጎድጓድ ወረቀት ላይ ተመዘገበ። ሪችማን በሞተባት ከተማ የመብረቅ ዘንግ አንቴና ሆነ። በዚያው ዓመት ጣልያን ውስጥ ማርኮኒ አንድ ጫፉን ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን መሬት ውስጥ ሲቀብር የሠራው ቅርጽ የፍራንክሊን ዘንግ ቅርጽ ነው። ራዲዮ በከፊል የተወለደው ከመብረቅ ጥናት ነው፤ አንቴና የሰቀለ ሁሉ የመብረቅ ዘንግ ሰቅሏል።

አንድ ችግር ግን ሳይነካ ቀርቷል፤ መሬቱ ራሱ። ፍራንክሊን እርጥብ መሬት ብሎ ነበር። እርጥብ መሬት ከሌለስ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር አሪዞና ውስጥ፣ ቱሰንና ፍላግስታፍ አካባቢ፣ ቦምብ የሚያከማችባቸው ግምጃ ቤቶች ሠራ። ከቦምብ አጠገብ መብረቅ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ፍንጣሪም አደጋ ነው። አካባቢው ደግሞ ዝናብ የሚያንሰው ደረቅ መሬት ነው፤ እንዲህ ያለ መሬት ላይ የተቀበረ ዘንግ ከምድር ጋር ተገናኘ ለማለት ያስቸግራል። በአማካሪነት የተመደበው ኸርበርት ኡፈር በ1942 ያየው መፍትሔ ከእግሩ ሥር ነበር። የግምጃ ቤቶቹ መሠረት ኮንክሪት ነው፤ ውስጡም ፌሮ አለ። ኡፈር ፌሮውን ራሱን ግራውንድ አደረገው።

ኮንክሪት ድንጋይ ስለሚመስል ይህ የማይሆን ነገር ይመስላል። ግን ኮንክሪት ከአፈሩ እርጥበት ይስባል፤ የሳበውንም ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። በውስጡ ያሉት ጨዎች ያን እርጥበት ኤሌክትሪክ አሳላፊ ያደርጉታል። ከሁሉ በላይ ስፋት አለው፦ አንድ ዘንግ አፈሩን የሚነካው በጣት ውፍረት ሲሆን መሠረት ግን በሙሉ ወርዱና ቁመቱ ተኝቶ ይነካዋል። ኡፈር የሠራቸው ግራውንዶች ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ካለፉ በኋላ ሲለኩ በ2 እና በ5 ኦም መካከል ነበሩ፤ ያውም በደረቅ መሬት። ውጤቱን በ1964 በመሐንዲሶች መጽሔት አሳተመው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብም ከጊዜ በኋላ ተቀብሎት ዛሬ 6 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው በኮንክሪት የተሸፈነ ፌሮ ወይም መዳብ እንደ ሙሉ ግራውንድ ይቆጠራል። አማተሮች እስከ ዛሬ በስሙ ኡፈር ግራውንድ ይሉታል።

እዚህ ላይ ደስ ብሎን ብናቆም ተሳስተናል። የኡፈርን 3 ኦም በ30,000 አምፔር አባዙት፤ 90,000 ቮልት ነው። በጣም ጥሩው ግራውንድ እንኳ መብረቅ ሲመታው ዜሮ ቮልት ላይ አይቆይም፤ በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ እየራቁ ሲሄዱ ቀስ በቀስ ይወርዳል። በአገራችን ገጠር በክረምት ዛፍ ሥር የተጠለሉ ከብቶች መብረቁ ዛፉን መትቶ ሳለ የሚያልቁት ለዚህ ነው። የከብቱ የፊትና የኋላ እግሮች ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው የመሬቱ የቮልቴጅ ልዩነት ከረንቱን በአካሉ ውስጥ ያሳልፈዋል።

አሁን የተቃጠለውን ራዲዮ እንመልከት። ማማው ተመታ፤ የማማው ዘንግ 10 ኦም ቢሆን ሦስት መቶ ሺህ ቮልት ላይ ወጣ። የቤቱ የመብራት ግራውንድ በሌላው የቤቱ ጎን ተቀብሯል፤ በሽቦ ደግሞ እስከ ሩቁ ትራንስፎርመር ይደርሳል፣ ስለዚህ ዝቅ እንዳለ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ብረት አንድ ብቻ ነው፦ የአንቴናው ገመድ፣ ከዚያ ራዲዮው፣ ከዚያ የራዲዮው የመብራት ገመድ። መብረቁ መንገድ አልሳተም። ሁለት ተለያይተው የተቀበሩ ግራውንዶችን ያገናኘው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ያገናኘውም በራዲዮው በኩል ነው።

አማተሮች ዛሬ የሚሠሩት ከዚህ የመነጨ ነው። የማማውን፣ የቤቱን መብራትና የራዲዮ ክፍሉን ዘንጎች ከቤት ውጭ በወፍራም መዳብ እርስ በርስ ያስሯቸዋል፤ የሎጅን ትምህርት ስለሚያውቁ የሚመርጡት ሰፊ የመዳብ ጥብጣብ ነው፣ አጭርና ሹል ማጠፊያ የሌለው። ባለ 2.4 ሜትር ዘንጎችን በቁመታቸው እጥፍ ያራርቋቸዋል፤ ከዚያ በታች ከተቀራረቡ አንዱ የሌላውን አፈር ይሻማል። የአንቴናው ገመድ ማማውን ከመልቀቁ በፊት የውጭ ሽፋኑ ከማማው እግር ጋር ይታሰራል፤ ገመዱ ከከፍታ ላይ ወደ ቤት ከተሻገረ ማማው ላይ የተጠራቀመውን ቮልት ይዞ ይገባል። ወደ ቤት የሚገባው ሁሉ፣ የአንቴና፣ አንቴናውን የሚያዞረው ሞተር፣ የስልክ፣ የኢንተርኔትና የመብራት ገመድ፣ በአንድ የብረት ሰሌዳ በኩል ያልፋል፤ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ በራሳቸው ወደ መሬት መንገድ የሚከፍቱ መከላከያዎችም እዚያው ሰሌዳ ላይ ይቀመጣሉ። ሰሌዳው የማክስዌል መረብ የመግቢያ ነጥብ ነው። ውስጥ ያሉት ሣጥኖች ሁሉ ከእሱ ጋር ይታሰራሉ። አንዲት የተረሳች የስልክ ገመድ ሁሉንም ልፋት ከንቱ ታደርገዋለች። ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ሥራ ይቆማል፤ ከዚህ ሁሉ የትኛውም ማይክ የያዘን ሰው ለመጠበቅ አልተሠራም።

አዲስ አበባ አምስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ኢቲ3ኤኤ የተባለው የክለብ ጣቢያ ነበረ፣ ብዙ ወጣቶችም ከዓለም ጋር የተዋወቁት በዚያ ነው። በደጋ አገር አንቴና የሚሰቅል ሰው ሁለት ነገር በቅርብ ያገኛል። አንደኛው ክረምቱ ነው፤ ነጎድጓዱ ከማንም አይሰወርም። ሁለተኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ሲረጥብ ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል፤ በበጋ ግን ይሰነጠቅና ከዘንጉ ዙሪያ ይሸሻል፣ ዘንጉም አየር ውስጥ እንደቆመ ይሆናል። ግራውንዱን ነሐሴ ላይ ለክቶ ደህና ነው ያለ ሰው የለካው የዓመቱን ምርጥ ቀን ነው፤ የሚያስፈራው ቁጥር ያለው የበልጉ የመጀመሪያ ነጎድጓድ ሲመጣ፣ መሬቱ ገና ተሰንጥቆ ሳለ ነው።

በሌላ በኩል ከተማው በሙሉ በኮንክሪትና በፌሮ እየተገነባ ነው። የማማው መሠረት ሲቆፈር የፌሮው ዘንጎች በሽቦ ተጣብቀው እርስ በርስ መታሰር አለባቸው፤ ተለያይተው ከቀሩ ከረንቱ በኮንክሪቱ መሃል ሲዘል ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከፌሮው ጋር የተያያዘ ብረት ወደ ውጭ ወጥቶ ከማማው እግርና ከዙሪያው ዘንጎች ጋር መገናኘት ይኖርበታል። ማማው ዚንክ የለበሰ ከሆነ መዳቡ በቀጥታ እንዳይነካው በመካከሉ የማይዝግ ብረት ይገባል፤ መዳብና ዚንክ በእርጥበት ከተገናኙ ዚንኩ ይበላል። ይህን ሁሉ መሥራት የሚቻለው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ነው።